ከፍየል ሆድ የመጣ ሰላምታ

ጠዋት ጠዋት ትርንጎ ጥሩነህ አርባ ሚሊዮን ችግኞችን «እንዴት አደራችሁ?» ትላለች። ደመወዟን የምትበላው በዚህ ነው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና!» ይላሉ ችግኞቹ ከየተራራው። ከወሎና ከሐረርጌ «አልሐምዱሊላህ» ይጨመርበታል። ያ ሁሉ ድምፅ አንዴ ግር ብሎ ሲመጣ የመሥሪያ ቤቷ የልምላሜ ቤት መስኮቶች ይንዘፈዘፋሉ፤ ሠራተኛው ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይይዛል፤ ከዚያ ወደ ሥራው ይመለሳል።

የልምላሜ ቤት ያለው ሽቅብ ከተማ ነው። ሽቅብ ከተማ በፊኛ የተንጠለጠለች ከተማ ናት፤ ዶሮዎቿ እንቁላል በጣሉ ቁጥር ከታች ያለው አገር ጃንጥላ ይዘረጋል። ልብስ የሚሰጣው ደመና ላይ ነው። ደመና ላይ የተሰጣ ልብስ እንደማይደርቅ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ግን እስከ ዛሬ አንድም ሰው አፍ አውጥቶ አልተናገረም። ትርንጎም ከመጣች ጀምሮ እርጥብ ቀሚስ ለብሳ ትውላለች። «ከተማው ተስማማሽ?» ስትባል «በጣም!» ትላለችና ታስነጥሳለች።

ችግኝ ሲተከል ከሥሩ ጆሮዘር አብራ ትቀበራለች። ጆሮዘር የጤፍ ፍሬ የምታህል ማሽን ናት፤ የአፈሩን እርጥበት፣ የሥሩን ትንፋሽ ታዳምጥና ስትጠየቅ በሰው ቋንቋ ትመልሳለች። ድሮ በቁጥር ነበር የምትመልሰው። ቁጥር ስብሰባ ላይ እንቅልፍ አመጣና ሊቃውንቱ ዘዴ ፈጠሩ። ለጆሮዘሮቹ የገበያውን፣ የአውቶቡሱን፣ የሠርግ ቤቱን ወሬ ሌት ተቀን እያሰሙ የአገሩን ቋንቋ ሁሉ አስተማሯቸው። ጎበዝ ተማሪዎች ሆኑ። እንዲያውም ጉብዝናው ትንሽ በዛ።

መልሳቸው ተጠራቅሞ የልምላሜ ዓምድን ይሞላል። ዓምዱ፣ በየአገሩ እንደቆሙት ሁሉ፣ አደባባዩ መሐል የቆመ የብርጭቆ ግንድ ነው፤ አገሪቱ አየሯንና ምድሯን ልታድን ለዓለም የገባችው ቃል የት እንደደረሰ የሚታየው በውስጡ በሚወጣው አረንጓዴ ብርሃን ነው። ዛሬ ቀትር ላይ ጫፉን ይነካል። ጫፉን ሲነካ ደመና ጎታቾቹ ይሰናበታሉ። እነዚህ ደመናን እንደ በሬ ስበው ተራራ ላይ የሚያሳድሩ የብረት አሞራዎች ናቸው፤ ተራራው ከለመለመ ምን ይሠራሉ ተብሎ ለባሕር ማዶ በውሰት ሊሰጡ ነው። አንዴ ከሄዱ መመለሻቸው አይታወቅም።

የዛሬው ሰላምታ ግን የትርንጎን ጆሮ ከረከረው። ከጉልማ ተራራ በኩል አንዲት ወይራ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና» ካለች በኋላ «ሜኤኤኤ» የሚል ነገር አስከተለች። ትርንጎ ካርታውን አየች። ዓይኗን አሽታ ደግማ አየች። ከዚያ ወደ ኃላፊዋ ክፍል ሮጠች።

አቶ ልሳነወርቅ መስተዋት ፊት ከረባት እያሰሩ ነበር።

«ጋሼ፣ አንዲት ወይራ እየሄደች ነው!»

«ወዴት?»

«ቁልቁል። አሁን አጥር ዘለለች።»

«ጤናዋስ?»

«ደህና ነኝ ትላለች።»

«ታዲያ ደህና ከሆነች ምን አገባሽ? እግሯን ታፍታታ።»

«ዛፍ እኮ ናት ጋሼ!»

«ትርንጎዬ፣ ከቀትር በኋላ ከፈለገች ብስክሌት ትንዳ። የዓለም እንግዳ ደጄ ላይ ቆሞ ስለ እግረኛ ወይራ አታውሪኝ።»

ትርንጎ አንድ ቦታ መቆም አቃታት። ጉልማ የአባቷ አገር ነው። አባቷ የሚጠጡት ከዚያ ተራራ ሥር ከሚፈልቅ ምንጭ ነው፤ ምንጩን የሚያኖረው ጎታቾቹ የሚያመጡት ደመና ነው። ችግኞቹ እውነት ከጸደቁ ጎታቾቹ ይሂዱ፣ ግድ የለም። ካልጸደቁስ?

ደወለችላቸው። «ደህና ነን ልጄ፣ ምን ጎድሎብን!» አሉ። ስልኩን ዘጋች፤ ልቧ ግን አልተዘጋም። አረንጓዴው ብርሃን በመስኮቱ በኩል ሽቅብ ሲሳብ ይታያታል። በገመድ የሚወርደው ቅርጫት ውስጥ ዘላ ገባችና ወደ ምድር ተወረወረች።

ጉልማ ስትደርስ ተራራው እንደተላጨ ራስ ያብረቀርቃል። ችግኝ በነበረበት ቦታ ሁሉ ደረቅ ጭራሮ ቆሟል። አባቷ አቶ ጥሩነህ ደጃቸው ላይ ቀይ ፍየል ይዘው ቆመዋል።

«እንዴት ነሽ ልጄ! ሰላም ነሽ? ከተማው ደህና ነው? ሰማዩስ?»

«ደህና ነው አባዬ። አንተስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና» አለች ፍየሏም፣ ከሆዷ።

ትርንጎ ክው አለች። አባቷ የፍየሏን ጀርባ በአክብሮት ዳበሱ። «ከሰሞኑ እንዲህ ታመሰግናለች። ለበዓል ላርዳት ብል ጎረቤት ሁሉ እግሬ ላይ ወደቀ። ጸሎተኛ አይታረድም አሉኝ።»

«አባዬ፣ ይህች ፍየል ወይራ ከነሥሩ ከነጆሮዘሩ በልታለች!»

«ምን ታድርግ፣ እሱ ብቻ ነበር የቀረው።»

ትርንጎ ወደ ምንጩ ሮጠች። ምንጩ ቦታ ላይ የተሰነጠቀ ጭቃና የተገለበጠ ጀሪካን አገኘች። እየሮጠች ተመለሰች።

«ምንጩ ደርቋል!»

«እሱማ ከደረቀ ቆየ፤ ጎታቾቹ ተራራው ደህና ነው ተብለው ከቀሩብን ወዲህ ነው። ከወንዙ ነው የምቀዳው።»

«አሁን ጠዋት ደውዬ እንዴት ነህ አላልኩህም?»

«አልሽኝ። ደህና ነኝ አልኩሽ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

አቶ ጥሩነህ ተቆጡ። «ሰው በሰላምታ ላይ ጓዳውን ይዘረግፋል እንዴ? አንዴ ትጠይቂና ጥርቅም! ምኑን ልንገርሽ? ጠያቂ እኮ መጀመሪያ ይቀመጣል፤ ይደግማል፤ ሦስተኛው ላይ ሆድ ይከፈታል። አንቺ ቆመሽ ጠይቀሽ ቆመሽ ትሄጃለሽ።»

ትርንጎ ፍየሏን አየች። የጠወለገው ደህና፣ የደረቀው ደህና፣ ተበልቶ የተፈጨውም ደህና! ጆሮዘሮቹ አንድ ብልሽት የለባቸውም። የገበያውን ሰላምታ ሰምተው አደጉ፤ ጨዋ ሆኑ፤ ባለጌ እንዳይባሉ ሞታቸውን እንኳ ደበቁ።

ፍየሏን ብድግ አድርጋ ቅርጫቱ ውስጥ ከተተቻት።

«አንቺ! ፍየሌን ወዴት?» አሉ አባቷ።

«ምስክር ናት!»

ትርንጎ ሽቅብ ከተማ ስትመለስ አደባባዩ ጢም ብሏል። እንግዶቹ የትርጉም ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አድርገው ፈገግ ብለዋል። ብርሃኑ ከዓምዱ ጫፍ በታች በአንድ ጣት ቀርቷል። ከአደባባዩ በላይ ደመና ጎታቾቹ ሞተራቸውን አስነሥተው ገመዳቸውን ይፈታሉ።

«ውድ ችግኞቻችን!» አሉ አቶ ልሳነወርቅ በማይክራፎኑ። «እንዴት ዋላችሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና!» ከተማዋ ተናወጠች። ከትርንጎ ብብት ሥርም «ደህና!» ተባለ።

ብርሃኑ የመጨረሻዋን ጣት ያህል ሽቅብ መሳብ ጀመረ። ትርንጎ መድረኩ ላይ ወጣች።

«ጋሼ፣ አንዴ ልድገመው።»

«ጠየቅን እኮ፣ መለሱ እኮ! ደግሞ ይህ ፍየል ምንድነው?»

«ወይራዋ ናት» ብላ ማይክራፎኑን ከእጃቸው ወሰደች። «ችግኞቼ፣ እንዴት ናችሁ? አፈሩስ? ጎረቤትስ? ጤዛው መጣላችሁ?»

«ደህና ነው፣ ይመስገን…»

የመጀመሪያው ጎታች ገመዱን ፈትቶ ክንፉን ዘረጋ። ከዚያ፣ ያ ሁሉ እንግዳ ዓይኑን ሲያፈጥባት፣ መድረኩ ላይ እግሯን አጥፋ ተቀመጠች። ፍየሏም ተኛች።

«በሉ፣ ተቀምጫለሁ» አለች። «የትም አልሄድም። እውነት እንዴት ናችሁ?»

አርባ ሚሊዮን ችግኝ ዝም አለ። እንዲህ ያለ ዝምታ ከተማዋ ሰምታ አታውቅም፤ ፊኛዎቹ እንኳ መተንፈስ ያቆሙ መሰሉ።

«ደህና ነን…» አለች አንዲት ቀጭን ድምፅ። «…ግን…»

«ግን ምን፣ የኔ እናት?»

«ግን ትንሽ ውሃ ጠማኝ።»

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመው! «እኔን ከነላስቲኬ ነው የቀበሩኝ!» አለ አንዱ ዝግባ። «እኔን ፎቶ ከተነሡ በኋላ ረገጡኝ!» «እኔ የተተከልኩት አምና የሞተ ወንድሜ ጉድጓድ ውስጥ ነው!» በመጨረሻ ከመድረኩ፣ ከፍየሏ ሆድ፣ በትሕትና «እኔማ ተበልቻለሁ፤ እንዳላስቀይማችሁ ብዬ ነው» ተባለ።

አረንጓዴው ብርሃን እንደ ጎርፍ ቁልቁል ወረደ። ከዓምዱ ግማሽ አልፎ፣ ከሩቡም አልፎ፣ ከታች እንደ ጠላ አተላ ረጋ። ዓምዱ ካልሞላ አይሄዱምና ጎታቾቹ ክንፋቸውን አጥፈው፣ እያጉረመረሙ ወደ ተራሮቹ ተመለሱ።

አቶ ልሳነወርቅ ከረባታቸውን ፈቱ። «ጉድ ሠራሽኝ» አሉ። ትንሽ ቆይተው አጠገቧ ተቀመጡ። «እኔም እኮ አምና ስተክል ላስቲኩን አላወጣሁም» አሉ በጆሮዋ።

እንግዶቹ ይሥቃሉ ሲባል ፊታቸው አመድ መሰለ። ከደሴት አገር የመጡት ሴትዮ ስልካቸውን አወጡ፤ ጫማቸውን አውልቀው መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ያገራቸውን ዓምድ ጠሩና በራሳቸው ቋንቋ አንድ ነገር ደጋግመው ጠየቁ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተቀመጡ። የዚያን ዕለት ከሰዓት፣ ሰላምታው በየቋንቋው ይለያይ እንጂ፣ የዓለም ዓምድ ሁሉ እየተከታተለ ወረደ። ለካ ማሽኑን ሁሉ ያሳደገው ሰው ነው።

ማምሻውን ትርንጎ ለአባቷ ደወለች።

«እንዴት ነህ አባዬ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና። ፍየሌስ?»

«ደህና ናት። አንተ እንዴት ነህ? ተቀምጫለሁ።»

«ደህና… ግን…» አሉ ሽማግሌው፣ «ወንዝ ስወርድ ጉልበቴ ይከዳኛል። አንድ ሁለቴ ወድቄአለሁ። እናትሽ ብትኖር ኖሮ ትሥቅብኝ ነበር፤ ሣቋ ነው የናፈቀኝ።»

ትርንጎ አዳመጠች። ጎታቾቹ ከነገ ጀምሮ ጉልማ ላይ እንደሚያድሩ፣ ቅዳሜ እሷ ራሷ መጥታ ውሃ እንደምትቀዳ ነገረቻቸው።

«አንቺስ ልጄ? ከተማው ተስማማሽ?»

«በጣም!» አለችና አስነጠሰች። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

አባቷ ስልኩን አልዘጉም። ከወዲያ በኩል የበርጩማ እግር መሬቱን እየፋቀ ሲሳብ ተሰማት።

«በይ» አሉ አቶ ጥሩነህ፣ «እኔም ተቀምጫለሁ።»