ጤነኛ ዐይን

«ጨው ብዬ ብልከው ስኳር ይዞ ይመጣል። ዐይኑ ካልታመመ ምን ሊባል ነው?»

«እሱ ጆሮ ነው፣ አንቺ ሴት። ጆሮዬን ልታስመረምሪ ከሆነ ሌላ ቤት ውሰጂኝ።»

«አሁን ቀልድ አማረህ? ዛሬ ጠዋት አውቶቡስህ ላይ ስንት ሰው ተሳፈረ? እስቲ ንገራቸው።»

ሾፌሩ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አዟዟረው።

«ግማሹ ባዶ ነበር» አለች ሚስቱ ራሷ መልሳ። የዳቦ ቤት ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም፤ ክንዷ ዱቄት እንደነካው ነው። «ለምን ይሳፈሩ? በገደል አፋፍ የሚነዳ ሰው መብራት ታየኝ እያለ ሲለፍፍ።»

«ታየኝ አላልኩም። አየሁ ነው ያልኩት። ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ? አገር በሙሉ አይቷል።»

«አገር በሙሉ ከተራራው በላይ ነው ያየው። አንተ ነህ ከመሬት ሲነሳ አየሁ የምትለው።»

መነጽር ሰሪው ሌንስ እየወለወለ ነበር። ጨርቁ እጁ ላይ ቆመ።

ጥግ ላይ የናሙና ሣጥኑን ታቅፎ ተራውን የሚጠብቀው ሌንስ ነጋዴ ጋዜጣውን ገለጠ። ቀና አላለም።

«ከየት ሲነሳ?» አለ መነጽር ሰሪው፣ እንዲያው ለወሬ ያህል የሚጠይቅ አስመስሎ።

«ከአሮጌው የድንጋይ ካባ። መታጠፊያው ላይ ስደርስ ነው፣ ዶክተር፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል። ሦስት ናቸው። አንዱ ይቀድማል፣ ሁለቱ ይከተሉታል፣ ከዚያ ወደ ምሥራቁ ጫፍ። ወታደሮቹም እግር በእግር እየተከተሏቸው ይሮጣሉ። ሰማይ ምን እንዳለው እኔ አላውቅም። እነዚህ ግን ከሰማይ አልመጡም። ነገ ጠዋት የድንበር ጠባቂዎቹ አዛዥ ሻለቃው ቢሮ ሄጄ ቦታውን በጣቴ አሳየዋለሁ።»

«መጀመሪያ ይመርምሩልኝ» አለች ሚስቱ ወደ መነጽር ሰሪው ዞራ። «ዐይኑ ደህና ከሆነ እኔው ራሴ እወስደዋለሁ። ካልሆነ ዛሬውኑ መሪውን ይልቀቅ። የሰው ልጆች ናቸው የሚያመላልሰው።»

መነጽር ሰሪው ዶክተር አልነበረም። ከተማው ግን እንዲያ ይለው ነበር፤ የጤና ቢሮውም የሾፌሮችን ዐይን እንዲያይ ፈቅዶለታል። ሙያው እውነት ነው። ውሸቱ ስሙና የመጣበት አገር ነበር። ሁለት መንግሥታት ከሚጣሉበት ከዚያ ተራራ ማዶ ያሉት አለቆቹ በምስጢር ስሙ «ሰርዶ» ነው የሚሉት። ጥግ የተቀመጠውን ሌንስ ነጋዴ ደግሞ «አጎት» ይሉታል።

ሾፌሩን ወንበሩ ላይ አስቀመጠው። ከሰሌዳው የመጨረሻውን መስመር እንዲያነብ ነገረው። ሾፌሩ ሳይደናቀፍ አነበበ፤ ከዚያም ከታች በኩል ማንም ልብ የማይለውን የማተሚያ ቤቱን ስም ጨመረበት።

«ይሄም ፊደል ነው መሰለኝ» አለ ለሚስቱ።

መነጽር ሰሪው መጋረጃውን ዘጋ። በትንሿ ባትሪ የሰውዬውን ዐይን ወደ ውስጥ አየ። እንደ ምንጭ ውኃ ኩልል ያለ ነበር። በዚያ ዕድሜ እንዲህ ያለ ዐይን አጋጥሞት አያውቅም።

ጋዜጣው እንደገና ተገለጠ።

«ሞራ ነው» አለ መነጽር ሰሪው።

«አነበብኩ እኮ።»

«ማንበብ ሌላ ነው። ሞራ ሲጀምር በቀን አያስታውቅም። ሲመሽ ነው የሚብሰው፤ ብርሃን ይበታተናል። አንዱ ሦስት ይሆናል። ሩቅ ያለው ቅርብ፣ ላይ ያለው ታች ይመስላል።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ነኝ።»

ሾፌሩ ማንም ሳይጠይቀው መንጃ ፈቃዱን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ስትጨቃጨቅ የመጣችው ሚስቱ አሁን ክንዱን ያዘች፤ ድምፅዋም ሌላ ሆነ።

«ይድናል፣ አይደል?»

«ክትትል ካደረገ ይድናል።»

ወጡ። መንገዱን ሲያቋርጡ እየመራችው ነበር፣ በእርግጥ እንደማያይ ሰው።

አጎት ጋዜጣውን አጠፈ።

«ጥሩ ሠራህ።»

«ካባውን ዛሬውኑ አጽዳ» አለ መነጽር ሰሪው። «ሻማዎቹን ወደ ሌላ ቦታ አዛውራቸው። አንድም ነገር እንዳይቀር።»

«ይጸዳል።»

«ነገ ካለፈ በኋላ ተሽሎታል ብዬ እጽፍለታለሁ።»

«ጻፍ። ማን ከለከለህ?»

ሻማ የሚሏቸው ሆዳቸው ላይ መብራት የታሰረባቸው ትናንሽ ድሮኖች ነበሩ። አጎት ሌንስ ልሸጥ ነው እያለ በየመንደሩ ሲዞር ያስነሳቸዋል። ለወራት ወደ ምሥራቁ ጫፍ ሲበሩ ከተማው ከሌላ ዓለም የመጡ ናቸው አለ፤ የድንበር ጠባቂዎቹ ደግሞ እነሱን ማሳደድ ለመዱ። ነገ ሁሉም ወደ ምሥራቅ ሲሮጥ፣ በምዕራቡ በር ቀያሹ ይሻገራል። ቀያሹ ሽማግሌ ነው። በወጣትነቱ የድንበሩን ድንጋዮች በገዛ እጁ የተከለ፣ በኋላም ማን ነቅሎ እንዳዛወራቸው ያየ። እዚህ እንዳይናገር ዘብ አቁመውበታል። ማዶ ከደረሰ ግን ዳኞች ፊት ይናገራል፤ የዚያ ተራራ ጉዳይም ምናልባት ያለ ጥይት በፍርድ ያልቃል።

መነጽር ሰሪው ይህን ለራሱ ደጋግሞ ነገረው። ደግ ነገር ነው። የሚያስቆጭ ነገር የለውም።

ብቻ ወደዚህ ከተማ የመጣ ዕለት የመስታወት ቁም ሣጥኑን አውቶቡሱ ላይ የጫነለት ያው ሾፌር ነበር። እያንዳንዱን መታጠፊያ እንደ ነፍሰ ጡር እያዘገመ አለፈው፤ ተሳፋሪው ሲያጉረመርም «መስታወት ጭኛለሁ፣ የቸኮለ በእግሩ ይሂድ» እያለ። አንድ ስንጥቅ አልወጣበትም።

ሻለቃው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ብቻውን መጣ። መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ማጠፊያው ላልቷል።»

መነጽር ሰሪው ትንሿን ብሎን መፍቻ አነሳ።

«ያ ሾፌር ጠዋት መጥቶ ነበር» አለ ሻለቃው። «ሞራ ቢኖርብኝም ያየሁትን አይቻለሁ ብሎ ካባውን በጣቱ አሳየኝ።»

«ምስኪን። ሰው ለመርዳት ብሎ ነው።»

«ሰው ላክሁ። ያለቀ ባትሪ አገኘን፣ ሽቦ አገኘን። ከላይ ሸራ ለብሷል። ሸራው የአውቶቡሱ ጣሪያ ሸራ ነው።»

መፍቻው አዳልጦት ጣቱን ወጋው።

ካባው አልጸዳም።

«እንግዲያ እውነቱን ነው የነገረዎት» አለ መነጽር ሰሪው። ድምፁ እንዳልተለወጠ ሲሰማው ራሱን ጠላ።

«እሱ ነው ግራ የገባኝ።» ሻለቃው ወንበሩን ወደፊት ሳበ። «እርስዎ ሞራ አለበት ብለዋል። መንጃ ፈቃዱን ነጥቀዋል። ሞራ ያለበት ሰው፣ ሲመሽ፣ ከዚያ መታጠፊያ ላይ ሆኖ፣ መብራት ከየትኛው ቋጥኝ ሥር እንደተነሳ ለይቶ ያያል?»

መነጽር ሰሪው ቀና አላለም።

አያይም ካለ፣ ሾፌሩ ቦታውን ያወቀው አይቶ ሳይሆን ሠርቶ ነው። ያያል ካለ፣ ሞራው ውሸት ነው። ውሸቱን ማን እንደተናገረ ለማወቅ ሻለቃው ከወንበሩ መነሳት እንኳ አያስፈልገውም።

«ጥፋተኛ ቢሆን በገዛ እግሩ ይመጣ ነበር?» አለ።

«ወሬው አፈትልኮበታል። ቀድሞ መጥቶ ንጹሕ ሊመስል ነው። እንዲህ ያለ ብዙ አይቻለሁ።» ሻለቃው ጣቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «አጭር መልስ ይበቃኛል፣ ዶክተር። ያያል ወይስ አያይም?»

በመስኮቱ የተራራው ጫፍ ይታያል። ፀሐይዋ ዝቅ ብላለች። ይሄኔ ሽማግሌው ቀያሽ ከዘራውን ይዞ በጓሮ በር ወጥቷል።

አንድ ቃል ነው።

«አያይም» አለ።

ሻለቃው ራሱን ነቀነቀ፣ የጠበቀውን እንዳገኘ ሰው። መነጽሩን ሲቀበል ከደጅ ጩኸት ተሰማ። ሰው ከየሱቁ ወጥቶ ወደ ላይ ያንጋጥጣል። ሦስት መብራቶች ከገደሉ ጀርባ ወጥተው ወደ ምሥራቅ ሲያዘነብሉ ታዩ።

«እሱ ታስሮም ይበራሉ» አለ ሻለቃው በሩ ላይ ቆሞ። «ግብረ አበሮች አሉት ማለት ነው። ስማቸውን ይነግረናል።»

የጭነት መኪኖቹ ወታደር ጭነው በሱቁ ፊት አለፉ። ሁሉም ወደ ምሥራቅ።

መነጽር ሰሪው እዚያው እንደቆመ ጨለመ። ጣቱ ላይ ያለው ደም ደርቆ ነበር ስልኩ ሲጮህ።

«ሌንሱ ሳይሰበር ደርሷል» አለ አንድ ድምፅ፤ ተዘጋ።

ቀያሹ ሲሻገር ደስ ይለኛል ብሎ አስቦ ነበር።

በነጋታው አጎትን ጎሚስታው ጋ አገኘው። የመኪናው የኋላ ጎማ ተፈትቷል፤ ጎሚስታው የጎማውን የውስጥ ላስቲክ ይዞ በውኃ በርሜል ላይ አጎንብሶ ቀዳዳ ይፈልጋል። ሁለቱ መኪናው ውስጥ ተቀመጡ።

«ሸራውን ማን ወሰደው?»

«እኔ» አለ አጎት።

«ቃል ገብተህልኝ ነበር።»

«ሻለቃው ሰነፍ አይደለም። ቀያሹ ሲጠፋ አንድ ሰው መያዙ አይቀርም። በወሩ ውስጥ አንተ ጋ ይደርስ ነበር። ሌላ ሰው ሰጠሁት።»

«ያ ሰው ምንም አላደረገም።»

«አየ። ለዚያውም አይቶ ዝም አላለም።» አጎት በመስታወቱ ወደ ኋላ ተመለከተ። «ደግሞ እኔን ብቻ አታድርገኝ። ሸራ ብቻውን ሰው አያሳስርም። ያሳሰረው ያንተ ሞራ ነው።»

መነጽር ሰሪው የመኪናውን በር እጀታ ያዘ።

«ሱቅህን ክፈት» አለ አጎት። «ሰው እንደ ወትሮው ይይህ። ወሩ ሲያልቅ እናወጣሃለን፤ ሌላ ሥራ አለልህ።»

«እሺ።»

አንዲት ቃል ናት እሷም።

ሱቁን አልከፈተም። ዳቦ ቤቱ በዚያ ሰዓት ሰው አይበዛበትም። የሾፌሩ ሚስት ከምድጃው ፊት ቆማ ነበር፤ ስታየው ፊቷ በተስፋ ፈካ፣ ያ ደግሞ ከስድብ የባሰ ነበር።

«ዶክተር፣ እግዜር ነው ያመጣዎት። ሻለቃው እርስዎን ይሰማል። ሞራ ያለበት ሰው ሌት ተነስቶ ካባ ለካባ አይዞርም ይበሉልኝ።»

«አይተሽዋል?»

«ጠዋት ምግብ አድርሼ በበሩ ቀዳዳ አየሁት። ግራ ዐይኑ አብጦ ተደፍኗል። የጓደኞችህን ስም አምጣ ነው የሚሉት። ምን ጓደኛ አለው እሱ? ከአውቶቡሱ ሌላ ምን አለው?»

«ቀኙስ?»

«ቀኙ ያያል። ምነው?»

«አንዱ ይበቃል።»

ያለውን የሰማው ካለው በኋላ ነው። ምድጃው ላይ እጁን ተደገፈ፤ ሙቀቱ እስኪፈጀው አላነሳውም።

«ስሚኝ። ሞራ የለበትም። ሁለቱም ዐይኖቹ ጤነኞች ነበሩ። ዋሽቼ ነው። ሻለቃው ዘንድ ሂጂና መነጽር ሰሪው ራሱ ነገረኝ በይው። አላምንም ይልሻል። ታችኛው ከተማ ሆስፒታል ይውሰዱት በይ። የትኛውም ሐኪም አንዴ ቢያበራበት ይለየዋል። ያኔ ያየውን እንደተናገረ ያውቃሉ፤ የዋሸውንም ያውቃሉ።»

ሴትዮዋ ዱቄት በነካ እጇ አፏን ያዘች፤ ከዚያ ለቀቀችው።

«አንተ» አለች። እስከዚያች ቀን አንቱ እንጂ ሌላ ብላው አታውቅም። «ያን ዕለት ወንበሩ ላይ አስቀምጠህ ስታበራበት፣ ታይቶህ ነበር?»

«ታይቶኝ ነበር።»

«እኔ ነኝ ጎትቼ ያመጣሁልህ።»

«አውቃለሁ።»

ሌላ የምትለው ያለ መሰለ። ግን ሽርጧን በራሷ በኩል አውልቃ ወንበር ላይ ጣለችና ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ወጣች። መንገዱ ላይ መጀመሪያ በፍጥነት ተራመደች፣ ቀጥሎ ሮጠች።

ምድጃው ውስጥ ዳቦ ነበር፤ ማረር ጀምሯል። መነጽር ሰሪው ጨርቅ ፈልጎ አጣ። ትሪዎቹን አንድ በአንድ በእጅጌው ስቦ አወጣቸው፤ መዳፉ ተቃጠለ። እሳቱን አጠፋ። በሩን ቀስ ብሎ ገጠመው።

ሱቁ አልተመለሰም። አጎት ሲሰማ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፤ ሻለቃውም እንደዚሁ። ከእንግዲህ ከተራራው በሁለቱም በኩል በር የሚከፍትለት የለም።

ወደ ታች የሚወርደው አውቶቡስ ሊነሳ ሲል ደረሰ። ኮቱን ገልብጦ ለብሷል፣ መነጽሩን አውልቋል፤ የተቃጠለውን እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ከኋላ ተቀመጠ። መሪውን የያዘው አዲስ ሰው ነበር፤ በየመታጠፊያው ፍሬን እየረገጠ ሰውን ወደፊት ያላትማል።

«መብራቶቹን የበፊቱ ሾፌር ነው አሉ ሲያመጣቸው የነበረው» አለ ከጎኑ የተቀመጠው ወፍራም ሰውዬ፣ ለሁሉም እንዲሰማ።

«ማ? እሱ?» አለች ከፊት የተቀመጠች ሴት። «የአውቶቡሱን የፊት መብራት ማስጠገን አቅቶት ዓመት ሙሉ በአንድ ዐይኑ ሲነዳን፣ ሰማይ ላይ ሊያበራ?»

ተሳፋሪው ሳቀ።

«ታዲያ ምንድን ናቸው?»

«ሌላ ዓለም ነው። ወንድሜ ድንበር ላይ ነው ያለው፤ ሲቀርቡት ሽታ አላቸው ይላል።»

«የምን ሽታ?»

«እሱን አልነገረኝም።»

ከኬላው በፊት ባለው መገንጠያ ላይ አንዲት እናት ልጇን ልታስሸና አውቶቡሱን አስቆመች። መነጽር ሰሪው ከኋላቸው ወረደ። ቁጥቋጦዎቹ አጠገብ ቆሞ ጠበቀ። እናትና ልጅ ተመልሰው ገቡ፤ ረዳቱ በሩን መታ፤ አውቶቡሱ ያለ እሱ መንቀሳቀስ ጀመረ።

በመስኮቱ በኩል ወፍራሙ ሰውዬ ከረጢቱን ከጭኑ ላይ አንስቶ ወደ ባዶው ቦታ ሲያሸጋሽገው ይታይ ነበር። «ሽታስ ካላቸው» ይል ነበር፤ «ሽታስ ካላቸው የሚበሉት ነገር አለ ማለት ነው።»