ድልድይ የሆነው ነጥብ

«ፈጠን በል እንጂ ወንድሜ፣ ሠርግ አለብኝ» አለ ሙጫ።

ልብስ አጣቢው ተመሳስሎ የተሠራውን ደረሰኝ አየ። ኮቱን አየ። ሰውየውን አየ።

«ለዚህ ኮት ግን ትቀጥናለህ።»

«እስከ ሠርጉ እወፍራለሁ።»

አጣቢው ሳቀና ኮቱን ከመስቀያው አወረደለት።

በገበሩ ውስጥ ፍላሽ አለ።

የፍላሹ እውነተኛ ገዢ መንገዱን ሲሻገር በመስኮቱ ታየ። የሰው ምስጢር እየገዛ ባለቤቱን በማስፈራራት የሚበላ፣ ጫማው ከህሊናው የጸዳ ሰው ነው። ሙጫ በጓሮ በር ወጣ።

ሙጫ የስለላ ስሙ ነው፤ የያዘውን አይለቅማ። ለወራት በአንድ የምርምር ማዕከል ጠያቂ መስሎ ሠርቷል። የሚጠይቀውም ሌላ ሰው የማይደፍረውን ነው፦ ከማን ጋር ተኝተሃል? ከማን ጋር ተኝተሻል? መልሱ ኮምፒውተር ላይ ነጥብና መስመር ይሆናል። ነጥቡ ሰው፣ መስመሩ ግንኙነት። ኤችአይቪ በየትኛው መስመር እንደሚያልፍ ከታወቀ፣ ምርመራና መድኃኒት ቀድመውት ይደርሳሉ። ሰዎቹ የተናገሩት ስማቸው እንደማይወጣ ቃል ስለተገባላቸው ነው።

ዳይሬክተሩ ያንን ቃል ሸጠው። ነጥቦቹን ከስምና ከስልክ የሚያገናኘውን ፋይል ፍላሹ ላይ ገልብጦ፣ ገዢው እንዲወስደው በኮት ገበር ሰፍቶ ልብስ አጣቢው ዘንድ አስቀመጠ። «ሌላ ቅጂ የለም» ብሎ ዋጋ ለመስቀል የማዕከሉን ደመሰሰ። በየስብሰባው ስለ ሰው ልጅ ክብር ሲያወራ እንባ የሚተናነቀው እሱ ነው።

የሙጫ የስለላ አለቃ በቆመ መኪና ውስጥ ይጠብቀው ነበር። የስለላ ስሙ «አጎቴ» ነው። እንደ ልማዱ የክብሪት እንጨት ያኝካል።

«አምጣው ልጄ።»

«እናጠፋዋለን ተባብለናል፣ አጎቴ።»

«ይጠፋል። መጀመሪያ አንድ ነገር አሳየኝ። የላይ ሰፈሩንና የታች ሰፈሩን ነጥቦች የሚያገናኘውን ሰው ማን ጠቆመው?»

ሙጫ ፍላሹን ጨበጠ።

ስለዚያ ነጥብ ለአለቃው ነግሮት አያውቅም።

«ዳይሬክተሩ ነው የነገረህ?»

«ዳይሬክተሩ ብዙ ያወራል።»

ሁለቱ ሰፈሮች እርስ በርስ አይተዋወቁም። በመካከላቸው ድልድይ የሆነው አንድ ነጥብ ብቻ ነው። የጠቆመችው ሙጫ የጠየቃት አንዲት ፀጉር ሠሪ ናት። «ስልኩን እንጂ እውነተኛ ስሙን አላውቀውም» ብላው ነበር። «ክብሪት እያኘከ ‹ካንቺ ሌላ የለኝም› ይላል።» ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች።

ሙጫ የሚታኘከውን ክብሪት አየ።

«ጠቋሚዋን ምን ልታደርጋት ነው?»

«አፏን አበዛች። ይዘጋላታል።»

አገር ይጠብቃል የተባለ፣ ደረቱ በሜዳልያ የተጠቀጠቀ ሰው! አንዲት ፀጉር ሠሪን ፈርቶ ላብ አጥምቆታል።

«የይለፍ ቃል አለው። በታብሌቴ ልክፈትልህ» አለ ሙጫ።

ጠያቂዎቹ ለተጠቆሙ ሰዎች የሚልኩት አንድ መልእክት አለ፤ ጠቋሚው ማን እንደሆነ አይናገርም። ሙጫ ከፋይሉ ውስጥ ሁሉንም ስልክ መረጠ። «ላክ» የሚለውን ነካ። ፋይሉን ደመሰሰ።

ሽጉጥ ጎኑ ላይ ተደገነ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

የአለቃው ስልክ ነዘረ።

አነበበው። «እባክዎ ለምርመራ ወደ ጤና ጣቢያችን ይምጡ። ስምዎን ማንም አይጠይቅዎትም።» ክብሪቱ ከአፉ ወደቀ።

«ለሁሉም ነው የላክሁት። አንተም ከሁሉም አንዱ ነህ» አለ ሙጫ። «ሂድና ተመርመር፣ መድኃኒት አለው። ለፈሪነትህ ግን እስካሁን አልተገኘም።»

ወረደ። ፍላሹን በበሩ ማጠፊያ ሰንጎ በሩን ደረገመው።

ቀጭ አለ።

መንገዱ ከትምህርት ቤት በሚወጡ ልጆች ተሞልቶ ነበርና ሽጉጡ ከመኪናው አልወጣም። ጩኸቱ ግን ወጣ። «ከዛሬ ጀምሮ አላውቅህም! ሌባ ሆነህ ትቀራለህ!»

እንዳለውም ሆነ። ዳይሬክተሩ በቴሌቪዥን ቀርቦ የሙጫን ፎቶ አሳየ። መረጃ የሰረቀው ጠያቂ ይህ ነው አለ። እንባም ተናነቀው።

በሳምንቱ ሙጫ በጤና ጣቢያው በር ሲያልፍ ፀጉር ሠሪዋ ፊት ለፊት ገጠመችው። ያሳደገው ጢም ከእሷ አልደበቀውም።

«እኔ አንተን አምኜ ነው አፌን የከፈትኩት! ቱ!»

ሊነግራት አማረው። ከነገራት ግን ከሱ ወደሷ መስመር ይሰመራል፤ በዚያ መስመር አጎቴ ይመጣል። ምራቁን ከጫማው ላይ እንኳ ሳይጠርግ መንገድ ለቀቀላት።

እሷ ስልኳን አውጥታ መልእክቱን ለዘበኛው አሳየችና ገባች።

በሩ እስኪዘጋ ጠበቀ። ከዚያ አውቶቡስ ያዘ።

«የት ነው የምትወርደው?» አለ ረዳቱ።

«መጨረሻ።»

ረዳቱ ፊቱን ሳያየው አለፈ።