በካርዱ ጀርባ የተጻፈ ስም

በደሴት ላይ ያለችው ሺንጁ ከተማ ነፋስ ስለማያጣት፣ ሩይሊን እሁድ ገበያ ላይ ፖስት ካርዶቿን ስትዘረጋ እያንዳንዱን በላስቲክ ከታ የወንዝ ድንጋይ ትጭንበታለች። ድንጋዩ ሲነሳ ደንበኛ መምጣቱን ሳታይ ታውቃለች። የዚያን ዕለትም ድንጋይ ሲነሳ ሰማች። ቀና ስትል ግን ደንበኛው ካርዱን ከላስቲኩ አውጥቶ፣ ገልብጦ፣ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ በእርሳስ እየጻፈበት ነበር።

«አንተ! ምን እያደረግህ ነው?»

«አንዴ ቆዪ፣ ልጨርስ።»

«ምኑን ነው የምትጨርሰው? የሰው ዕቃ እኮ ነው!»

«የሰውስ ነው» አለ ቀና ሳይል። «ያንቺ ግን አይደለም።»

መነጨቀችው። ከመቶ ዓመት በፊት ጃፓኖች ደሴቲቱን ሲገዙ የተራራውን ነባር ሕዝብ ፎቶ እያነሱ ካሳተሟቸው ካርዶች አንዱ ነው። አንዲት ሴት እግሯን ዘርግታ ትሸምናለች፤ ከጆሮዋ እስከ ከንፈሯ ድረስ ሰፊ ንቅሳት ወርዷል። ከፎቶው ሥር «አረመኔ ሴት በሽመና ላይ» የሚል ታትሟል። ጀርባው ላይ ደግሞ፣ ገና አሁን፣ በአስተማሪ ጽሕፈት «ፒታይ ባቱ» ተብሏል።

«ጀርባው ንጹሕ ካልሆነ ሰብሳቢ ዞር ብሎ አያየውም። አሁን ማን ይገዛኛል?»

«የአያቴ እናት ናት። የዚህችው ካርድ ሌላዋ ቅጂ ቤታችን ግድግዳ ላይ ነበረች። አንድ አውሎ ነፋስ ከነግድግዳው ወሰዳት።»

«እንግዲያው ግዛት።»

«ቅድመ አያቴን አልገዛም።»

«ካልገዛሃት አትንካት!»

ተፋጠጡ። ዓይኑን የሰበረ አልነበረም። በመጨረሻ ወጣቱ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ሳቀ።

«ሃዩንግ እባላለሁ። ሃዩንግ ቴሙ፤ ቴሙ አባቴ ነው። በሚቀጥለው እሁድ እመጣለሁ።»

«እርሳስህን ቤት ትተህ ና!»

ማታ ወደ አባቷ ሱቅ ስትመለስ ሩይሊን ላጲሷን አለሳልሳ ስሙን አጠፋችው፤ ካርዱንም በነበረበት ዋጋ መልሳ አስቀመጠችው። ምንም አልተሰማትም። ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ተምራለች፤ ከዚያም ይዛው የወጣችው አቋም ቢኖር፣ ላለፈ ነገር ማልቀስ ሥራ የፈታ ሰው ጉዳይ ነው የሚል ነው።

ሃዩንግ በእሁዱ መጣ። እርሳሱንም ይዞ መጣ፤ ከእርሳሱ ጋር ግን ከእናቱ እርሻ የተቀጠፈ ኮክ በከረጢት አምጥቷል። ተራራ ላይ ባለ ትንሽ ትምህርት ቤት ያስተምራል። እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠና የካርዶቹን ሳጥን ሙሉ አገላበጠ።

«ይህን ሰውዬ አላውቀውም» አለ ጦር የያዘ ጎልማሳ እያሳየ። «መንደራችን ያሉት እማማ ዩመይ ያውቁት ይሆናል።»

«ታዲያ ለምን አንጠይቃቸውም? ምን ትጠብቃለህ?»

ወደ ተራራው የወሰዳት ርኅራኄ አልነበረም፤ ሳያውቁ መቅረትን አለመቻል ነው። የሆነ ሆኖ ወጣች። ሳጥኑን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በሃዩንግ አሮጌ ፒክአፕ፣ ጭጋግ ውስጥ።

እማማ ዩመይ ካርዱን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው አዩት፤ ከዚያ ሳቃቸው ፈነዳ።

«ይሄ ሰነፍ! ዮባው ኖካን እኮ ነው! የአባቴ አጎት። ዕድሜውን ሙሉ አንድ ቀን አደን አልወጣም። ጦሩን ለፎቶ ብለው ነው ያስያዙት!» ጎረቤቶች ተጠሩ፤ ሁሉም እያየ ሳቀ፤ አንዷም የሰውዬውን ጉንጭ በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። ሃዩንግ ስሙን ጻፈ።

«ይቺ የታች የሜዳው አገር ልጅስ የማን ናት?» አሉ አሮጊቷ። «ባል አላት?»

«ካርድ ሻጭ ናት፣ እማማ።»

«እሱን ማን ጠየቀህ?»

የሩይሊን ጆሮዎች ቀሉ። ሲመለሱ ሃዩንግ ማርሽ ሲቀይር እጁ ጉልበቷን ነካ፤ ይቅርታ አልጠየቀም፤ እሷም ጉልበቷን አላራቀችም።

በጋው በዚህ መልኩ አለፈ። ሩይሊን በየሳምንቱ ትወጣለች፤ ካርዶቹ አንድ በአንድ ስም አገኙ። አባቷ አቶ ፔንግ አይተው አልፈውታል። «እርሳስ ነው፤ ይጠፋል» ይሉ ነበር። የሃዩንግ እናት ሪሙይ ግን ዝም አላሉም። ልጅቷ ጓሮ በገባች ቁጥር ድስት ያንኳኳሉ።

«ከመንደሩ ሴት ሁሉ የቀረህ ፊታችንን የሚቸረችሩ ሰዎች ልጅ ናት?»

«እሰማለሁ እኮ!» ትላለች ሩይሊን ከውጭ።

«እንድትሰሚ ነው!»

በመከር መግቢያ ሃዩንግ ከአባቷ ጋር ሊተዋወቅ ሱቁ መጣ። ሸሚዙን ተኩሷል። አቶ ፔንግ ሻይ ሊያፈሉ ወደ ጓዳ እንደገቡ ሃዩንግ የመስታወት ሣጥኑ ውስጥ ቅድመ አያቱን ፒታይን አያት። ደስ ብሎት አወጣት። ገለበጣት። ጀርባዋ ባዶ ነው።

ካርዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አጋደለው። ያኔ እርሳሱ የቆፈረው መስመር ታየ፤ ፊደል በፊደል፤ ጥቁረቱ ብቻ የለም።

«አጥፍተሽዋል።»

«በዚያው ቀን ነው። ገና ሳላውቅህ።»

«እሷ ያኔም እሷ ነበረች።»

ሩይሊን ካርዱን ልትቀበለው እጇን ዘረጋች። ሃዩንግ ካርዱን ሣጥኑ ላይ አስቀምጦ ወጣ። አባቷ ሦስት ስኒ ይዘው ሲመለሱ «ሰውዬውስ?» አሉ። «ሄደ» አለች። ደወለችለት፤ አያነሳም። ደግማ ደወለች፤ ከዚያ በራሷ ተናዳ ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ወረወረችው።

በዚያው ሰሞን አቶ ጁዋንግ ከዋና ከተማዋ ከታይፔ መጡ። ትልቅ ሰብሳቢ ናቸው፤ ነጭ ጓንት አጥልቀው ካርዶቹን አንድ በአንድ አነሱ።

«ፊታቸው ድንቅ ነው። ጀርባቸው ግን ምን ሆኖ ነው እንዲህ የተሞነጫጨረው?»

«እርሳስ ነው» አሉ አቶ ፔንግ ፈጥነው። «ልጄ እጇ የተባረከ ነው። ሻይዎን እስኪጨርሱ ታጠፋልዎታለች።»

«ንጹሕ ከሆኑ ሁሉንም እወስዳለሁ። የማዘጋጀው ኤግዚቢሽን መግቢያ ላይ ‹ከአቶ ፔንግ ስብስብ› ብለን በትልቁ እናጽፋለን።»

የአቶ ፔንግ ፊት በራ። ሠላሳ ዓመት የሰው ቆሻሻ ሲበረብሩ፣ የፈረሰ ቤት ጣሪያ ሲወጡ፣ ዘመድ «ወረቀት ለቃሚው» እያለ ሲስቅባቸው ኖረዋል። ሩይሊን አባቷን እንዲህ ደስ ብሏቸው አይታ አታውቅም። እምቢ ማለት የከበዳት ለዚህ ነው። ላጲሱን አነሳች።

ከላይ ያለው ዮባው ኖካን ነበር። ያ ሰነፍ። በሞተ በስንት ዘመኑ የመንደሩ ሰው በሙሉ ሲስቅበት፣ ሲዳስሰው ታያት። ይህን ካጠፋች የሚቀረው ጦር የያዘ «አረመኔ» ነው፤ አደን የማይወጣው ሰውዬ የለም።

ላጲሱን አስቀመጠች። የደንበኞች አድራሻ የምትጽፍበትን፣ ዝናብ የማያስለቅቀውን እስክሪብቶ ከመሳቢያ አወጣች። መጀመሪያ ፒታይን ከመስታወቱ ሣጥን አምጥታ ወደ ብርሃን አጋደለቻት፤ በሃዩንግ እርሳስ ቦይ ውስጥ ቀስ ብላ ቀለሙን ነዳችው።

«ሩይሊን፣ ምን እየሠራሽ ነው?»

«እየጻፍኩ።»

«በቀለም?»

«በቀለም፣ አባዬ።» ዮባውን ሳበች።

አቶ ጁዋንግ ከወንበራቸው ተነሱ። «ይቺ ልጅ አብዳለች እንዴ? ዋጋቸውን እየገደለችው ነው!»

«እርስዎ የሚፈልጉት ስም የሌላቸው ሰዎች ነው» አለች እጇን ሳታቆም። «እዚህ ቤት እንደዚያ ያለ ዕቃ አልቋል።»

«አንቺ!» አሉ አባቷ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለፍቼ፣ አንድ ቀን ስሜ ግድግዳ ላይ ሊወጣልኝ ሲል...»

«ያንተ ስም በትልቁ ይጻፍ፣ የእነሱ በላጲስ ይውጣ? አንተ በእነሱ ቦታ ብትሆን እሺ ትላለህ?»

አቶ ጁዋንግ ጓንታቸውን ሳያወልቁ ወጡ። አቶ ፔንግ እንግዳው የተዉትን የቀዘቀዘ ሻይ ደፉ። ልጃቸው የመጨረሻውን ካርድ ጽፋ እስክሪብቶውን ስትከድን ተናገሩ።

«ውሰጃቸው። ሁሉንም ከፊቴ አንሺልኝ።»

«የት ልውሰዳቸው?»

«ያ እርሳስ ይዞ የሚዞረው ሰውዬ ጋ ውሰጃቸው! እኔ ምን አውቄ!»

በነጋታው እሁድ ነበር። ሩይሊን ገበያ አልወጣችም፤ የተራራውን አውቶቡስ ያዘች። ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ በሩ ላይ ምንጣፍ ዘርግታ፣ ካርዶቿን ደርድራ ቁጭ ብላለች።

ሃዩንግ ከእናቱ ጋር ወጣና ባለበት ቆመ።

«ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«ካርድ ልሸጥ። ከተማ የሚገዛኝ ጠፋ።»

ጎንበስ ብሎ አንዱን ገለበጠ። ቀለም። ሌላውን ገለበጠ። እሱም ቀለም። ሩይሊን ፒታይን ከኪሷ አውጥታ እጁ ላይ አኖረችለት።

«ያን ዕለት ያደረግሁት ነውር ነው» አለች። «አንዴ ነው የምለው፤ አልደግመውም። ይቅርታ።»

ሃዩንግ ካርዱን ገለበጠ። ከዚያ አውራ ጣቱን ምራቅ አስነክቶ ፊደሉን አሸው።

«አይለቅም?»

«በዝናብም አይለቅም።»

«ጽሕፈትሽ ግን ያስጠላል።»

«አስተማሪ አይደለህ? ማርክ ስጠኝ።»

ሊስቅ አልፈለገም ነበር፤ ሳቀ። ካርዱን ደረት ኪሱ ከተተና ምንጣፉ ጫፍ ላይ፣ ከጎኗ፣ ቁጭ አለ። ከዚያ ልክ እንደ ሺንጁ ገበያ ነጋዴ መጮህ ጀመረ።

«የኖካን ቤት ሰዎች የት አላችሁ? ዮባው መጥቷል! ርቦታል፣ እንደ ልማዱ ምንም አላደነም!»

ሕዝቡ እየሳቀ ከበባቸው። ሩይሊን በገንዘብ አልሸጠችም፤ በነጻም አልሰጠችም። አንዱን በጥቅል ጎመን፣ አንዱን በደረቀ የቀርከሃ ቡቃያ ለወጠች። ከአንዲት ንፉግ ባልቴት ጋር እየተጯጯኸች ስትከራከር ሪሙይ እጃቸውን አጣምረው ያዳምጡ ነበር።

«ሽመና ትችላለች?» አሉ ልጃቸውን።

«አትችልም።»

«ወጥስ?»

«ኧረ የለችበትም።»

«ታዲያ ምን ታውቃለች?»

ባልቴቷ እያጉረመረሙ ቅርጫት ሙሉ ዝንጅብል ምንጣፉ ላይ ደፉ። ሪሙይ አፋቸውን ከፍተው አዩ፤ በመንደሩ ከዚያች ሴት ዝንጅብል ያወጣ ሰው የለም።

«ምሳ ትብላ» አሉ ፊታቸውን ሳይፈቱ፣ ወደ ቤታቸውም ሄዱ።

ጥላው ሲረዝም፣ ጭጋጉ ከሸለቆው ሲነሳ ስልኳ ጮኸ። አባቷ ናቸው።

«አውቶቡሱ ስንት ሰዓት ያደርስሻል?»

«አልመጣም፣ አባዬ።»

«ነገስ?»

«የመጣሁ ቀን ብቻዬን አልመጣም። ሦስት ስኒ አዘጋጅ።»

ስልኩ ውስጥ የሺንጁ ነፋስ ብቻ ይሰማል። ዘጉብኝ ብላ ስታስብ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እዚያ ላይ ሲመሽ ይበርዳል። ሹራብ ይዘሻል?»

አልያዘችም። ሃዩንግ ሰምቷል፤ ምንም ሳይናገር የራሱን አውልቆ ዘረጋላት። ሩይሊን አንድ እጇን አስገባች፤ ስልኩን ወደ ሌላኛው አዛወረችና ሁለተኛውንም እጇን አስገባች።

«አዎ» አለች ለአባቷ። «ይዣለሁ።»