የመሪጌታ ወልደኢየሱስ ድምፅ ማጉያ

መሪጌታ ወልደኢየሱስን ጉልበታቸው ከዳቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያገለገሉባት የጎንደር ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ከደጃፋቸው ወለል ብላ ትታያለች፤ አቀበቱን መውጣት ግን ቀረ። ኅዳር ስድስት፣ የበዓሏ ለት፣ ማኅሌቱ ሲደምቅ እሳቸው መደባቸው ላይ ተቀምጠው ከበሮውን ከሩቅ እየሰሙ አለቀሱ። ልጃቸው ይመኙሽም ጓዳ ገብታ አብራ አለቀሰች።

አስመራ ያለው ወንድሟ ይህን ሲሰማ ቴፕ ሪከርደር ላከ። ደቀ መዛሙርቱም የገናን ማኅሌት ቀድተው አመጡላቸው። ቴፑ ሲከፈት የኔታ ፊታቸውን አጨፈገጉ። ያቺ መዳፍ የማታክል የዕቃው ድምፅ ማጉያ መዘምራኑን ሁሉ ጉንፋን የያዛቸው አስመሰለቻቸው።

«ይኼ ማኅሌት ነው ወይስ ትንኝ?» አሉ። «ፒያሳ ሬዲዮ የሚጠግን ልጅ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። ጥሩልኝ።»

ተጠራ። ስሙ ውድነህ ነው፤ የአይከል ገበሬ ልጅ፣ ረጅም፣ ሰው ፊት ሲቀመጥ እጁን የት እንደሚያደርገው የሚጨንቀው። የኔታ የእንግዳ ክፍላቸውን ለማዳመጫ አስለቅቀው ጠበቁት። እሱም የሚመረጡ ድምፅ ማጉያዎች በቦርሳ አዝሎ መጣ፤ ከአሮጌ ሬዲዮ የተነቀሉ፣ ከወታደር ማኪና የወረዱ፣ ጣሊያን ጥሎት ከሄደው ሲኒማ ቤት የተገኙ ትልልቆችም ነበሩ።

«ይምረጡ የኔታ» አለ።

«ይመኙሽ ትምረጥ። እሷ ማድ ቤት ሆና የተማሪ ዜማ ሲሳሳት ትለያለች።»

ይመኙሽ ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች። ውድነህ ሽቦውን ከአንዱ ወደ አንዱ እያዛወረ አሰማት። የሲኒማ ቤቶቹ ላይ ሲደርስ እጇን አነሳች።

«እነዚህ ይሁኑ።»

«ምናቸውን ወደድሽው?»

«ዘማሪው ከመጀመሩ በፊት ትንፋሹን ሲስብ ይሰማል።»

ውድነህ ቀና ብሎ አያት። እሱም ሱቁ ውስጥ ብቻውን ሲሞክራቸው የወደደላቸው ያንኑ ነበር። ዓይኑን መመለስ አቃተው፤ እሷም አልመለሰችም። እንግዲህ ምን ልበላችሁ፣ ልቧ እዚያው ሄደ።

ሄዶስ? ይመኙሽ የታጨች ልጅ ናት። እጮኛዋ ማሩ ይባላል፤ የአዘዞ ሰው፣ የአባቷ የልብ ወዳጅ ልጅ። ክፉ አይወራበትም። እሷ ግን ከአንድ ጊዜ በላይ አላየችውም። ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ተቆርጧል። በነሱ ቤት ወግ የሙሽራውን ጋቢ የምትፈትለው ሙሽራዪቱ ራሷ ናትና፣ ለማሩ ጋቢ የሚሆን የተነደፈ ባዘቶ በትልቅ ቅርጫት ሞልቶ ጓዳ ተቀምጧል። እንዝርቱን ባነሳች ቁጥር ራሷን ያማታል። አላገባም አትል ነገር፣ እናቷ ወይዘሮ የዓለምወርቅ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እያሉ ነው ያሳደጓት።

«ሳጥኑን በምን እንሥራው?» ብሎ ውድነህ ሲጠይቅ የኔታ ሳቁበት።

«ይኼ ምን ምርምር ያሻዋል? ድምፅ የሚያምረው በከበሮ ነው። ሁለት የዋንዛ ግንድ እንደ ከበሮ ይቦርቦርና ቀኝና ግራ ይቁም፤ እንደ መዘምራን።»

«ሸጋ ሐሳብ ነው የኔታ!»

ለይሉኝታ አይደለም፤ ከልቡ አምኖበት ነው። ከበሮ እየሰማ ያደገ ሰው ይህን በምን ይጠረጥራል?

ጥር ሙሉ ግቢው ውስጥ ዋንዛ ሲቦረቡር ከረመ። ይመኙሽ ጠላ ታቀርብለታለች፤ ዋንጫውን ለመውሰድ በሚል ሰበብም ትቆያለች።

«አይከል እንዲህ ያለ ዋንዛ አለ?»

«ከዚህ ይበልጣል። በአባቴ ማሳ ዳር ያለውን ብታዪው!»

«ታዲያ ምነው ጥለኸው መጣህ?»

«አጎቴ ሬዲዮ ገዛ። ሰውዬው በየት ነው የገባው ብዬ ፈታሁት። መግጠም ሲያቅተኝ በዱላ አባረረኝ።»

ይመኙሽ ሳቋን ልትይዘው አልቻለችም። «በዚያው ቀረህ?»

«ጎንደር መጥቼ ሙያውን ተማርኩና ገጥሜ መለስኩለት። እኔ ግን እዚሁ ቀረሁ።»

«ደግ አደረግክ» አለች፤ ያለችው ሲገባት ዋንጫውን አንስታ ገባች። ውድነህ ያን ቀን ሥራ አልሆነለትም።

ግንዶቹ አልቀው ድምፅ ማጉያዎቹ ተገጠሙ፤ ጀርባቸውም በሳንቃ ተከድኖ በብሎን ታሰረ። ቴፑ ሲከፈት ጉድ ፈላ። ከበሮው ያጓራል፣ ጽናጽሉ ጠፍቷል፣ ዘማሪው ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ የሚጣራ ይመስላል።

«ሰዎቹን ከከበሮ ውስጥ ከተትካቸው እኮ!» አሉ የኔታ።

ውድነህ ግንዶቹን ከጥግ አወጣ፣ አስጠጋ፣ አዞረ። ወይ ፍንክች! ቀናት አለፉ። በመጨረሻ የኔታ ተስፋ ቆረጡ። «ሑዳዴ ሳይገባ ካልሆነ ግንድህን ይዘህ ሂድ፣ ልጄ። አንተም ሥራህን አትፍታ።»

ይመኙሽ ይህን ስትሰማ ደነገጠች። ከሄደ በምን ሰበብ ይመለሳል? በማግስቱ ከሰዓት የኔታ ሲያንቀላፉ፣ እናቷም ገበያ ሲሄዱ፣ ውድነህ ቴፑን ዝቅ አድርጎ ሲሞክር ገባች። መዳፏን ግንዱ ላይ ስታሳርፍ እጇን ነዘራት።

«ውድነህ፣ ግንዱ ራሱ እየዘመረ ነው። ከበሮ የሚሠራው እንዲጮህ ነው። ይኼ ግን ዝም ማለት ነበረበት።»

ውድነህም እጁን አሳረፈ። «እውነትሽን ነው! ግን በምን ዝም ይበል?»

«ተማሪዎቹ ከበሮ ሲሸከሙ መንገድ ላይ እንዳይጮህ በጋቢ ይጠቀልሉታል።» ይህን ብላ ጥቂት ቆመች። ጓዳ ገባችና ቅርጫቱን ይዛ ወጣች።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«የማሩ ጋቢ ነው።»

«ተይ፣ አይሆንም ይመኙሽ። ነውር ነው።»

«ለማሩ ጋቢ አልፈትልም» አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ዓይኗ እንባ ሞላ። ውድነህ አጠገቧ መጣ። ሊል ያሰበው ብዙ ነበር።

«እኔኮ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም» ብቻ አለ።

ጀርባውን ፈትተው ባዘቶውን እፍኝ በእፍኝ ከግንዶቹ ውስጥ ጠቀጠቁት። ጥጡ ውስጥ እጃቸው ሲገናኝ ማንኛቸውም ቶሎ አላወጡም።

የኔታ ከእንቅልፋቸው ሲነሱ ቴፑ ተከፈተላቸው። ትንፋሽ ተሰማ፤ ከዚያ ዜማው ተነሣ፣ ጽናጽሉ ጠራ፣ ከበሮው ልኩን አወቀ። የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው በተቀመጡበት ከመዘምራኑ ጋር መወዛወዝ ጀመሩ። «እሰይ! እሰይ ልጄ!»

ወይዘሮ የዓለምወርቅ ከገበያ ገብተው ያን ጊዜ ነው ባዶ ቅርጫት ይዘው ከጓዳ ብቅ ያሉት። «ኧረ የሰርጉ ጥጥ ወዴት ገባ?»

ውድነህ አንገቱን ደፋ።

«ግንዱ ውስጥ ነው» አለች ይመኙሽ።

የኔታ መወዛወዛቸውን አቆሙ። «አውጣው፣ ልጄ። የሰው ሙሽራ ልብስ ነው።»

ውድነህ ካቻቢቴውን አንስቶ ተንበረከከ።

«አይወጣም!» አለች ይመኙሽ። «ማሩን አላገባም አባባ። የምወደው ውድነህን ነው።»

እናቷ አፋቸውን ያዙ። የኔታ ልጃቸውን አዲስ ሰው ያዩ ያህል አተኩረው አይዋት።

«ምነው እስከ ዛሬ ዝም አልሽ?»

«ጠይቀውኝ አያውቁማ።»

ማኅሌቱ ይቀጥላል። ከተማሪ መንጋ መካከል የአንዱን ስሕተት ነጥለው የሚሰሙ ሰው የገዛ ልጃቸውን ሳይሰሙ ኖረዋል። ቴፑን ራሳቸው ዘጉት።

«አንተስ አፍ የለህም?» አሉ ወደ ውድነህ ዞረው።

«ሽማግሌ ልልክ አስቤ ነበር፣ የኔታ። ታጭታለች ቢሉኝ ፈራሁ። እወዳታለሁ።»

ለወዳጅ የሰጡትን ቃል ማጠፍ ለየኔታ ከሞት አይተናነስም። ቢሆንም መቋሚያቸውን ጨበጡ።

«በቅሎዬን ጫኑልኝ። አዘዞ ሄጄ ለማሩ አባት በራሴ አፍ እነግረዋለሁ። እንዲህ ያለ ነገር በሰው አይላክም።»

«በዚህ ጉልበትዎ?» አሉ ወይዘሮ የዓለምወርቅ።

«በቅሎዋ ጉልበት አላት።»

ውድነህ ደግፎ በቅሎዋ ላይ አወጣቸው። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ልጓሙን ያዝ አደረጉ።

«ይመኙሽ!»

«አቤት አባባ።»

«ማንን ነው የምወደው ያልሽኝ?»

«ውድነህን» አለች በለሆሳስ።

«አልሰማሁም።»

በደንብ ሰምተዋል፤ ፊታቸው ያስታውቃል።

«ውድነህን!» ብላ ጮኸች። ጎረቤቱ ሁሉ በአጥሩ ላይ ብቅ ብቅ አለ።

«አሁን ሰማሁ» አሉ የኔታ፤ በቅሎዋንም ወደ አዘዞ መንገድ አዞሩ።