የታሸገው መዝሙር

«ይኼን ገጽ በፕላስተር ያሸገው ማነው?» አለች እናት ሴት ልጇን፣ መጽሐፍ ቅዱሱን እንደያዘች ከታመመው ትንሹ ወንድ ልጇ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ።

ፕላስተሩ ነርስ ከሆነችው እናቷ ቦርሳ የተወሰደ ነው፤ መካድ አያዋጣም።

ትናንት የታሪክ አስተማሪዋ ከመዝሙረ ዳዊት አንድ መዝሙር ክፍሉን አስነብቦ ነበር። እግዚአብሔር በአማልክት ጉባኤ መካከል ቆሞ፣ ድሃን ስለበደሉ ይፈርድባቸዋል።

«በጥንት ዘመን ጎረቤት ሕዝቦችም አማልክት ተሰብስበው ይመክራሉ ብለው ያምኑ ነበር» አለ አስተማሪው። «እዚህ አማልክት የተባሉት ታዲያ እነማን ናቸው? ዳኞች? መላእክት? ወይስ የሌሎች አሕዛብ አማልክት? ሊቃውንት ዛሬም ይከራከሩበታል።»

እጇ እንደ ልማዷ ቀድሞ ወጣ። ጓደኞቿ «ጥያቄ» የሚሏት ያለ ነገር አይደለም።

«ብዙ ከነበሩ፣ እኛ የምንጸልየው ለየትኛው ነው?»

«ጥያቄ ዛሬስ ለየላት!» አለ አንዱ ከኋላ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እሷም ሳቀች። ቤት ስትገባ ግን ወንድሟ በትኩሳት ነድዶ ጠበቃት። በአፌ መዓት ጎተትኩበት ብላ ደነገጠች። መጽሐፍ ቅዱሱን አውጥታ፣ ማንም ዳግም እንዳያነበው መዝሙሩ ያለባቸውን ሁለት ገጾች ጠርዝ ለጠርዝ ለጠፈቻቸው።

«እኔ ነኝ፣ እማ» አለች አሁን። «ትምህርት ቤት ስለ አማልክቱ ጠይቄ ስመለስ ታሞ አገኘሁት። ተቀጣን ብዬ ፈራሁ።»

እናቷ ቴርሞሜትሩን ከልጁ ብብት አውጥታ አየችው። ፊቷ አልተፈታም።

«ጉሮሮው ነው የቆሰለው። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ታሟል። እነሱም ጠይቀው ነው?»

«አይደለም። ግን... አማልክቱ እነማን ናቸው?»

«እኔ እንጃ።»

እናቷ ስለ እግዚአብሔር እንዲህ ስትል ሰምታ አታውቅም። ይኼ ደግሞ ከትኩሳቱ በላይ አስፈራት።

«አታውቂም?»

«አላውቅም። ሳላውቅም እጸልያለሁ።» አልኮል የነካ ጥጥ ዘረጋችላት። «ቀስ ብለሽ አንሺው። ወረቀቱ እንዳይቀደድ።»

ፕላስተሩ በጥቂት በጥቂቱ ለቀቀ፤ ጠርዙ ላይ ትንሽ ወረቀት ይዞ ቢመጣም ጽሑፉ ተረፈ።

«ምን ይላል?» አለ ወንድሟ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

እናቷን አየቻት። እናቷ መጽሐፉን ወደ እሷ ገፋ አደረገችው።

ልጅቷ እጇን ግንባሩ ላይ አሳረፈች። አሁንም ይፋጃል። እጇን ሳታነሳ፣ መዝሙሩን ከመጀመሪያው ማንበብ ጀመረች።