የክርን ምልክት

«ማን ነው የነገራቸው?» አለች የልጅቷ እናት፣ የቡድኑ አሰልጣኝ። ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

አሥራ ሁለቱ ተጫዋቾች የጂምናዚየሙን ግድግዳ ተደግፈው ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። አንዷ የጫማዋን ማሰሪያ ትፈታና መልሳ ታስራለች። ሌላዋ ባዶ ኮዳ ወደ አፏ ትወስዳለች። ልጅቷ ወዲያ ጥግ ሆና ኳሶቹን ወደ መረብ ከረጢት እየከተተች ነበር። አንዱ አመለጣትና ጸጥ ባለው አዳራሽ እየነጠረ ሄዶ ሄዶ ቆመ። ማንም ቀና ብሎ አላየውም።

የኮሌጁ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ትናንት በሃያ ሁለት ነጥብ ተሸንፏል። ሽንፈትስ የለመዱት ነው፤ እንዲህ ያለውን ግን አይተው አያውቁም። አሰልጣኟ ከመስመሩ ዳር ቆማ ክርኗን በነካች ቁጥር ከተጋጣሚዎቹ ወንበር «ለረጅሟ ነው፤ ለረጅሟ ነው» የሚል ጩኸት ይነሣ ነበር። ጆሮዋን ስትነካ ደግሞ ተከላካዮቹ ኳሱ ሳይወረወር ቀኝ ጥግ ደርሰው ይጠብቃሉ። አራቱን ምልክቶች ያወጣችው አሰልጣኟ ራሷ ናት። ከቡድኑ ውጪ የሚያውቃቸው ሰው የለም።

ከልጇ በቀር።

ልጅቷ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ዳዴ ያለችው በዚሁ ሜዳ ጠርዝ ስለሆነ ተጫዋቾቹ «ምክትል» ይሏታል። «ምክትል፣ ዛሬ ማንን ታሰልፊያለሽ?» እያሉ ያሾፉባታል፤ እሷም ኮስተር ብላ ትመልስላቸዋለች።

ከአሥር ቀን በፊት፣ በትምህርት ቤት የዕረፍት ሰዓት፣ አንዲት የክፍል ጓደኛዋ ነገር ፈለገቻት። «የአንቺ እናት ግን ዳር ቆማ እጇን ከማወራጨት ሌላ ምን ሥራ አላት? እኅቴ ትራፊክ ፖሊስ ነው የምትላት።» እኅትየው የተጋጣሚው ኮሌጅ ተጫዋች ናት። በዙሪያቸው የነበሩት ሁሉ ሣቁ። ልጅቷ ፊቷ ጋለ። «ስለማታውቂ ነው» አለችና የደብተሯን የኋላ ገጽ ገልጣ ሜዳውን ሳለችላት። ክርን ሲነካ ኳሱ ለማን እንደሚሄድ፣ ጆሮ ሲነካ ማን ወዴት እንደሚሮጥ አንድ በአንድ አስረዳቻት። አራቱንም፤ አንድ አላስቀረችም። ጓደኛዋ አፏን ከፍታ ስትሰማት ደስ ብሏት ነበር። አሁን ጥግ ላይ ኳስ እየለቀመች ያንን ደስታዋን ትረግማለች።

እናቷ ጫፍ ላይ ወደ ተቀመጠችው ተጫዋች ዞረች። ከሩጫዋ ፍጥነት የተነሣ «ጥይት» ነው የሚሏት። አምና የመጣችው ትናንት ካሸነፋቸው ከዚያው ኮሌጅ ተዛውራ ነው።

«አንቺ እዚያ ጓደኞች አሉሽ።»

«አሉኝ፣ አሰልጣኝ።»

«ትደዋወላላችሁ?»

«እንደዋወላለን። ስለ ጨዋታ ግን አውርቼ አላውቅም።»

«ታዲያ ነፋስ ነው የወሰደላቸው?»

ጥይት እጆቿን ተመለከተች እንጂ አላለቀሰችም።

«ማሊያሽን አስረክቢ። ከቡድኑ የወጣ ሰው በስፖርተኞች ማደሪያ መቆየት እንደማይችል ታውቂያለሽ። እስከ ዓርብ ክፍሉን ልቀቂ።»

ልጅቷ የከረጢቱን ገመድ አጥብቃ አሰረች።

አመሻሹ ላይ እናቷ ቤት ውስጥ ማሊያ ታጥብ ነበር። ኮሌጁ አጣቢ መድቦላቸው አያውቅም። ቡድኑን ስትረከብ ሴቶቹ የሚለማመዱት ወንዶቹ ከእንቅልፋቸው ሳይነሡ፣ ገና ሳይነጋ ነበር፤ የሚለብሱትም ወንዶቹ የጣሉትን ማሊያ። ከኮሌጁ ዲን ጋር ተጨቃጭቃ መጀመሪያ የከሰዓቱን ሰዓት አስፈቀደች፤ ቀጥሎ ማሊያ፤ ቀጥሎ ማደሪያ። አሥራ ሰባት ዓመት ፈጀባት። አሁን ግን ዲኑ ቁርጡን ነግሯታል፤ ቡድኑ ከአራተኛ በታች ከወጣ ለከርሞ ሌላ አሰልጣኝ ይመጣል። የቀሩት ሁለት ጨዋታዎች ናቸው።

«እስከ ዛሬ አንዲት ልጅ አባርሬ አላውቅም» አለች እናቷ፣ አረፋውን ከክንዷ እየጠረገች። «አንቺ ዳር ሆነሽ ሁሉን ታያለሽ። እሷ ትመስልሻለች?»

ጊዜው አሁን ነበር። «እኔ ነኝ» ማለት ሁለት ቃል ነው። ልጅቷ ግን የእናቷን ያበጡ ዓይኖች አየችና ሌላ ነገር ከአፏ ወጣ።

«ልትሆን ትችላለች።»

እናቷ በረጅሙ ተነፈሰች። «እኔም እንደዚያው ነው ያሰብኩት» ብላ ሌላ ማሊያ ነከረች። ትከሻዋ ላይ የነበረው ሸክም የወረደላት መሰለች። ሸክሙ የት እንደ ወረደ ልጅቷ ታውቃለች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ዝም ብላ ብቻ ነበር። አሁን ግን ዋሽታለች።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትወጣ እግሯ ወደ ማደሪያው ወሰዳት። ጥይት አልጋዋ ላይ ሻንጣ ከፍታ ልብስ ታጣጥፋለች።

«ምክትል፣ ልትሸኚኝ መጣሽ?» ብላ ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ግቢ። ወንበሩን ጫማ ይዞታል፤ አልጋው ላይ ተቀመጪ።»

«የት ልትሄጂ ነው?»

«እስከ ፈተና አክስቴ ጋ። ሩቅ ነው፤ ሁለት አውቶቡስ ያስይዛል። የጠዋቱ ክፍለ ጊዜ ሳያመልጠኝ አይቀርም።» ካልሲዎቿን ጥንድ ጥንድ እያደረገች ጠቀለለች። «እናትሽን እንዳትቀየሚያት፣ እሺ? እኔም በእሷ ቦታ ብሆን እኔኑ ነበር የምጠረጥረው።»

በጥፊ ብትመታት ለልጅቷ ይቀላት ነበር።

«ሻንጣውን አትዝጊው» አለች።

«ለምን?»

«ጂም እንሂድ።»

«ተባርሬ የለ እንዴ? ሄጄ ኳስ ላቀብል?»

«ነይ በቃ።»

መንገዱ አጭር ነው፤ ልጅቷ ግን ብዙ አሰበች። ቤት ጠብቃ ለእናቷ ብቻ ብትነግራት ይቀል ነበር። እናቷ ትቆጣለች፤ ከዚያ ለጥይት ትደውልላታለች፤ ሌላው ሰው ማን እንደ ነበር ሳያውቅ ነገሩ ያልፋል። ጥይት የተባረረችው ግን በሰው ሁሉ ፊት ነው። «ለካ የአሰልጣኟ ልጅ ናት» የሚለው ወሬ ዲኑ ጆሮ ከደረሰ እናቷን ምን ሊያመጣባት እንደሚችልም አልጠፋትም። በሩ ጋ ስትደርስ ግን እጀታውን ይዛ ገፋችው።

ውስጥ አሥራ አንዱ ተጫዋቾች ይሮጣሉ። እናቷ ከመስመሩ ዳር ቆማለች። ጥይትን በር ላይ ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

ልጅቷ በትምህርት ቤት ጫማዋ መስመሩን አልፋ ገባች። በልምምድ ሰዓት እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

«አሰልጣኝ» አለች። እናቷን በዚህ ስም ጠርታትም አታውቅም። «ሁሉንም አቁሚልኝ። የምናገረው አለኝ።»

እናቷ ልጇን አየች፤ በር ላይ የቆመችውን አየች፤ መልሳ ልጇን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ ፊሽካዋን ወደ አፏ ወሰደች።