ቢሆንም ቀጥል

«ዕቃው አይታወቅም» አለ ኮምፒውተሩ፣ ለዘጠነኛ ጊዜ።

ችኮ ጥርሷን ነክሳ የስካነሩን ገመድ ነቀለችው። ፉ ብላ አቧራውን አራገፈችና መልሳ ሰካችው። ስክሪኑ ትንሽ አሰበ። ከዚያም ያችኑ ዓረፍተ ነገር አወጣ።

«አይታወቅም ትለኛለህ? ቆይ፣ አሳውቅሃለሁ!»

አልጋው ላይ የተጋደመው ታላቅ ወንድሟ በሳቅ ፈረሰ። እሱ የሚሠራው ኮምፒውተር ጥገና ቤት ስለሆነ በዚህ ቤት ውስጥ ስለ ኮምፒውተር የመጨረሻውን ቃል የሚናገር እሱ ነው። «ነገርኩሽ እኮ! ይሄ ስካነር የተሠራው አንቺ ሳትወለጂ ነው። የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ከተዉት ስንት ዘመናቸው። አቦ፣ አትቸኪ!»

«ችኮ» የሚለውን ስም ያወጣላት እሱ ነው፤ አንዴ የያዘችውን ነገር ስለማትለቅ። ለስድብ ያወጣውን ስም እሷ እንደ ሹመት ተቀበለችው። አሁን ሰፈሩም ትምህርት ቤቱም የሚጠራት በዚሁ ነው።

ኮምፒውተሩንም የሰጣት እሱ ነበር። አዳዲሶቹ ኮምፒውተሮች የስካነሩን ሲዲ ጭራሽ አልቀበል ሲሉ፣ ለመለዋወጫ ተብሎ ሱቁ ጥግ የተጣለ አንድ አሮጌ ማሽን ተሸክሞ መጣና «በይ፣ ሟች ለሟች ይተዛዘኑ» ብሎ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠላት። አሮጌው ማሽን ሲዲውን እያጓራም ቢሆን አነበበው፤ ሶፍትዌሩም ተጫነ። ስካነሩን ግን አላውቀውም አለ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። የትምህርት ቤቱ ኤግዚቢሽን የሚከፈተው ሐሙስ።

ነገሩ የተጀመረው እዚያው ትምህርት ቤት ነው። ሃምሳኛ ዓመቱን ሊያከብር ሽር ጉድ ይላል። ለኤግዚቢሽኑ በተዘጋጀው የስፖርት ሰሌዳ ላይ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የተነሳው ትልቅ ፎቶ ተለጥፏል፤ ከሥሩ «የመጀመሪያው የሴቶች እግር ኳስ ቡድን መሥራች፣ የዛሬ አምስት ዓመት» ይላል። ምክትሉ ስፖርት ሊያስተምር ክፍል ሲገባ ችኮ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ የመጀመሪያው እኮ አይደለም። አክስቴ የዛሬ ሠላሳ ዓመት እዚሁ ተጫውታለች።»

«የት አለ?» አላት ምክትሉ። «ወሬ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም። ማስረጃ ካለሽ አምጪ፤ ከሌለሽ ቁጭ በይ።»

ክፍሉ ሳቀ። ችኮ ቁጭ አለች።

ቤት ገብታ ስትናገር፣ ሁለቱንም ልጆች ያሳደገችው አክስቷ የልብስ ስፌት መኪናዋን አቆመች።

«ተይው፣ ልጄ» አለች።

ችኮ ግን የምትተው ልጅ አይደለችም። ቀስ በቀስ፣ ክር ከተተረተረ ጨርቅ እንደሚወጣ፣ ታሪኩን አወጣችው። ቡድኑ አንድ ዓመት ብቻ ነው የኖረው። ጎረቤት ትምህርት ቤትን ባሸነፉ በሳምንቱ፣ የዚያን ጊዜው ርዕሰ መምህር «ሴት ልጅ በቁምጣ ስትሮጥ ማየት አልፈልግም» ብሎ ኳሱን መጋዘን ቆለፈበት። ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን የቡድኑን ፎቶ በገዛ እጁ ቀደደው። ሌላ ቅጂ አልነበረም። ፎቶውን ያነሳው ግን የአክስቷ አባት፣ የነችኮ አያት ነው። ፎቶ ቤት የነበረው ሰው ነጋቲቭ አይጥልም። ፊልሞቹ ቁም ሣጥኑ ላይ በቆርቆሮ ሣጥን ተደርድረዋል። ስካነሩንም የገዛው በስተርጅናው እሱ ነው፤ ፊልሞቹን በሙሉ ኮምፒውተር ውስጥ ሊያስገባ። ሞት ቀደመው።

ችኮ መጀመሪያ በአቋራጭ ሞከረች። ነጋቲቩን መስኮት ላይ ለጥፋ በስልኳ አነሳችውና ቀለሙን ገልብጣ ለምክትሉ አሳየችው። ፊታቸው የተሟሟ፣ ጠርዛቸው የጠፋ አሥራ አንድ ጥላዎች። ምክትሉ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ።

«እነዚህ ደግሞ ማናቸው? መናፍስት?»

ስለዚህ ስካነሩ መሥራት አለበት። ምርጫ የለውም።

«ሻይ ላፍላ?» አለ ወንድሟ እየተዛጋ። እሷ አልሰማችውም። ስልኳ ላይ አንድ የቆየ የውይይት ገጽ አግኝታለች። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት፣ አንድ ጡረታ የወጣ ፎቶ አንሺ ልክ የሷው ዓይነት ስካነር እምቢ ብሎት ሲበሳጭ የጻፈው ነው። «ስካነሩን አትማ» ይላል። «የታመመው ድራይቨሩ፣ ማለትም ስካነሩን ለኮምፒውተሩ የሚያስተዋውቀው ፋይል ነው። እያንዳንዱ የስካነር ዓይነት የራሱ መለያ ቁጥር አለው። ያ ቁጥር ፋይሉ ውስጥ ካልተጻፈ ኮምፒውተሩ እንግዳ ነው ብሎ በር ይዘጋበታል።»

ችኮ ከሲዲው የተጫነውን ፋይል ከፈተችው። ሁለት ቁጥሮች ተጽፈዋል፤ አንዱ በአምስት ያልቃል፣ ሌላው በስድስት። ከዚያ የስካነሩን ቁጥር ራሱ ኮምፒውተሩ ውስጥ ፈልጋ አገኘችው።

በሰባት ያልቃል።

«ና! ና እይ!» ብላ ጮኸች። «የአያታችን ስካነር ዘግይቶ የወጣ ነው! ስም ዝርዝሩ ላይ አልተጻፈም እንጂ ዕቃውስ ደህና ነው!»

ወንድሟ ብርጭቆውን ይዞ መጣና አንገቱን አሰገገ። የፋይሉንና የስካነሩን ቁጥሮች አየ። ሳቁ ቀስ ብሎ ከፊቱ ወረደ። «ቆይ… እሱስ እውነትሽን ነው።»

በስድስት የሚያልቀውን መስመር ገልብጣ ከሥሩ ለጠፈችው፤ ስድስቱን አጥፍታ ሰባት ጻፈችበት። አስቀመጠችውና ድራይቨሩን እንደገና መጫን ጀመረች። ወዲያው ስክሪኑ ላይ ቢጫ ምልክት ብቅ አለ፦ ይህ ፋይል አልተረጋገጠም፤ ማቆም ይመከራል። ከሥሩ ሁለት ቁልፎች አሉ። አንደኛው «አቁም»፣ ሁለተኛው «ቢሆንም ቀጥል» እንደማለት ነው።

«ኧረ ኮምፒውተሩን ታበላሺዋለሽ!»

«ሞቷል ብለህ አይደል የሰጠኸኝ? የሞተ ምን ይበላሻል?»

ሁለተኛውን ተጫነችው።

ለጥቂት ጊዜ ምንም አልሆነም። ከዚያ ስካነሩ እንደሚያቃስት ሰው «እእእ» አለ። ሆዱ ውስጥ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ፣ ቋ አለ፣ በስተፊቱ ያለችው መብራት አረንጓዴ ሆነች። ችኮ ከወንበሯ ብድግ ብላ ወንድሟን ትከሻው ላይ በቡጢ ነረተችው። ሻይው ሸሚዙ ላይ ተደፋ። አልተቆጣም።

የመጀመሪያው ምስል ከላይ እስከ ታች ዝንጉርጉር ሆኖ ወጣ። «የውስጡ መብራት ይሙቅ፤ ስንት ዓመት ተኝቶ!» አለ ወንድሟ፤ አሁን እሱም ተቀምጧል። አሥር ደቂቃ ጠበቁ። ሁለተኛው ምስል መስመር በመስመር ወረደ፦ መጀመሪያ ሰማይ፣ ከዚያ የጎል ብረት፣ ከዚያ ፀጉር፣ ግንባር፣ ዓይን።

አሥራ አንድ ልጃገረዶች፣ ጉልበታቸው ጭቃ የነካው፣ ፀሐይ ዓይናቸው ውስጥ ገብታ እየተኮሳተሩ የሚስቁ። ከፊት የተንበረከኩት ሁለቱ ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ይዘዋል። ችኮ አጎላችው። የጠመኔው ጽሑፍ ፍንትው አለ፦ የትምህርት ቤቱ ስም፣ ዓመተ ምሕረቱ፣ ውጤቱ። ሦስት ለአንድ።

ረቡዕ ጠዋት ወንድሟ በትልቁ ያሳተመውን ፎቶ ይዛ ምክትሉ ቢሮ ገባች። ምክትሉ ረጅም ጊዜ አየው። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አጠለቀ።

«ጎበዝ» አላት፤ ድምፁም ለስለስ ብሎ ነበር። «እንሰቅለዋለን።»

«እውነት ቲቸር?»

«እንዴታ! የድሮ ፎቶ ለኤግዚቢሽን ጌጥ ነው። ሰሌዳዋ ያለችበትን የታችኛውን ክፍል ቆርጠን እናሳንሰዋለን፤ ቦታ የለንም። ከሥሩ ‹ተማሪዎች በእረፍት ሰዓት› ብለን እንጽፋለን። የአንቺም ስም ይገባል። ‹ፎቶውን ያቀረበችው› ተብሎ።»

ችኮ አሰበች። ነገ ወላጆች ሁሉ ይመጣሉ። የሳቁባት የክፍሏ ልጆች ስሟን ያነባሉ። አንድ «እሺ» ብቻ ነው የሚጠበቅባት።

«እረፍት ላይ አልነበሩም» አለች።

«ምን?»

«ጨዋታ ላይ ነበሩ። አሸንፈው ነው የተነሱት። ሰሌዳው ከተቆረጠ ፎቶው እነሱ አይደሉም።»

«አንቺ ልጅ፣ ያለውን ተቀበይና ክፍልሽ ግቢ። ወይ እንዳልኩሽ ይሰቀላል፣ ወይ አይሰቀልም።»

«እንግዲያው አይሰቀልም፣ ቲቸር» አለችና ፎቶውን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች። በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ከሰዓት በኋላ ቤት ስትገባ አክስቷ ቀሚስ በመርፌ እየጠቀመች ነበር። ችኮ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። አክስቷ ተግሣጽ ልትጀምር አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ወደተዘረጋው ፎቶ ሄደ። እስከዚያ ቀን ድረስ ቀርባ አላየችውም። ቅዳሜ ዕለት ከበሩ ላይ ቆማ፣ «ዓይኔ ደክሟል» ብላ ነበር የተመለሰችው።

አሁን መርፌዋን ደረቷ ላይ ሰካችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ይቺ ነፋሷ ናት» አለች ጣቷን ከግራ ጫፍ ላይ አድርጋ። «የሚይዛት አልነበረም። ይቺ ግንቧ፤ በረኛችን። ኳስ ካለፋት ማታ ራት አትበላም ነበር።» ወደ ቀጣዩ ፊት አለፈች፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው። ችኮ እስክሪብቶ አንስታ ከፎቶው ሥር ባለው ነጭ ጠርዝ ላይ፣ አንድ በአንድ፣ ሙሉ ስማቸውን ጻፈች።

የመጨረሻዋ፣ ኳሱን በብብቷ ሥር ሸጉጣ አገጯን ወደ ላይ ያነሳችው፣ አክስቷ ራሷ ናት።

«እኔን ስትጽፊ» አለች አክስቷ፣ «አምበል ብለሽ ጻፊ።»

ችኮ ጻፈች። ቀለሙ እንዲደርቅ እፍ አለችበት።

«አልሰቅልም ካለ የት ልታደርጊው ነው?»

«የትምህርት ቤቱ በር ላይ ይዤው እቆማለሁ» አለች ችኮ። «የሚገባው ሁሉ እያየው ይገባል። ቢያባርሩኝም ከአጥሩ ውጭ ወጥቼ መንገዱ ላይ እቆማለሁ። መንገዱ የነሱ አይደለም።»

አክስቷ የጀመረችውን ቀሚስ አጣጥፋ ጎን አስቀመጠችው። ለነገ ጠዋት የቀጠረቻት ደንበኛ ስልክ ቁጥር የተጻፈበትን ደብተር ስታገላብጥ ቆየችና ደወለች። «ነገ ጠዋት አልኖርም» አለች በስልኩ፣ «ከሰዓት በኋላ ነይ።» ስልኩን ዘጋችና ወደ ችኮ ዞረች።

«በሩ የሚከፈተው በስንት ሰዓት ነው?»